ከፎቶግራፉ በፊት የነበረው ቁጥር

ባንኮ ጎቲቲ የሚለውን ስም የባሕር ማዶ ሰው የሚያውቀው በቡና ከረጢት ላይ አንብቦት ነው። ይርጋ ጨፌ በሚል ስም የሚሸጠው ዝነኛ ቡና ከሚበቅልባቸው ቦታዎች አንዱ በጌዴኦ ዞን፣ ገደብ ወረዳ የሚገኘው ይህ ቀበሌ ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ግን ስሙ የተነሣው በሌላ ምክንያት ነበር። በመጠለያ የተፋፈጉ ተፈናቃዮችና የከሱ ሕፃናት ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጨ። በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ተፈናቃዮቹን ጎበኙ፤ ጋዜጠኞች መጡ፤ አገር ቤትም ውጭም ያለው ወገን እጁን ዘረጋ። ፎቶግራፉ ነፍስ አድኗል። ይሁንና ፎቶግራፍ የሚያሳየው የርሃብን የመጨረሻ ምዕራፍ ስለሆነ፣ ምስል እስኪወጣ የሚጠብቅ መሪም ጋዜጠኛም ዘግይቶ መድረሱ አይቀርም።

ምግብ ያጣ ሕፃን ሰውነት መጀመሪያ ስቡን፣ ቀጥሎ ጡንቻውን ያነድዳል። የአንጀቱ ሽፋን ይሳሳል፤ በሽታን የመከላከል አቅሙም ይዳከማል። ያኔ ተቅማጥ ወይም ኩፍኝ ሲይዘው ሕመሙ የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋል፣ ርሃቡም ሕመሙን ያራዝማል። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጣራ ሥር ሲያድር፣ ንጹሕ ውኃና መፀዳጃ ሲጠፋ አዙሪቱ ይፈጥናል። በዚህ ጊዜ ልጁ ለካሜራ ገና ደህና ሊመስል ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን በቀለም በተከፈለች ጥብጣብ የላይኛ ክንዱን ዙሪያ ለክታ ታውቀዋለች። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከፍተኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ይዞታል። ሌላ ሕመም ካልተደረበበት ቤቱ ሆኖ ፕላምፒ ነት የተባለውን ገንቢ ምግብ እየተመገበ በጥቂት ሳምንታት ያገግማል። ከተደረበበት ሆስፒታል መተኛት አለበት፤ ያኔም ሁሉም አይተርፍም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጊዜ ነው።

በጌዴኦ ጊዜው ነበረ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭቱ የተቀሰቀሰው በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሰኔ ላይ አገርሽቶ የተፈናቃዩ ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት በተመዘገበ አዲስ የአገር ውስጥ መፈናቀል ከዓለም አንደኛ ነበረች፤ ቁጥሩ 2.9 ሚሊዮን ገደማ ነው። ነሐሴ ላይ ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው እንዲመለሱ ተደረገ፤ ብዙዎች ግን ሰላምም ቤትም አጥተው እንደገና ወደ ጌዴኦ ሸሹ። የስደተኞች መብት ተሟጋቹ ሪፊውጂስ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2011 ባወጣው ዘገባ ዕርዳታ ሰዎችን ለመመለስ መገፊያ መሆኑን በግልጽ አስጠንቅቆ ነበር። ከዚያ እስከ መጋቢት አራት ወር አለ። በእነዚያ ወራት የአገሪቱ ዜና በኤርትራ እርቅና በለውጡ ተስፋ ተሞልቶ ነበር። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ የገደብም ርሃብ እንዲሁ።

ምስል እስኪወጣ መጠበቅ አዲስ ልማድ አይደለም። የወሎ ርሃብ በጥቅምት 1966 በጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም፣ የኮረም እልቂት በጥቅምት 1977 በፎቶ ጋዜጠኛው መሐመድ አሚን ካሜራ እስኪታዩ ድረስ ቤተ መንግሥቱም ደርግም ጉዳዩን አደባባይ ማውጣት አልፈለጉም ነበር።

ዝምታን የሚደግፉ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የብሔር ግጭት ባለበት ቁጥር ማውጣት እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው ይላሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ስንት ሕፃን እንደታመመ መናገር ማን እንደበደለ መናገር አይደለም። ይፋዊ ቁጥር በሌለበት ቦታ የሚናገረው ወሬ ነው፣ ወሬ ደግሞ ሁልጊዜ በዳይ አለው። ዕርዳታ ሲኖር ያልተፈናቀለውም ይሰለፋል የሚለው ሌላው ክርክር ይበልጥ የሚደጋገም ነው። ለስንዴ ሰልፍ ይሠራ ይሆናል፤ ለክንድ ጥብጣቡ ግን አይሠራም። ክንዱ 11 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ፣ ቤቱ የተቃጠለበትም ይሁን ተፈናቃይ ያስጠጋ የጎረቤት ልጅ፣ ታማሚ ነው። የጌዴኦ ገበሬ በጠባብ መሬት ላይ ያለውን እንሰት ከተፈናቃይ ጋር ሲካፈል የእሱም ልጅ ይከሳል።

ቁጥሩን የሚሰበስብ ሥርዓት አለን። ከፍተኛ የምግብ እጥረት ከጤና ኬላ ተነሥቶ በወረዳና በዞን አልፎ እስከ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በየሳምንቱ ሪፖርት ከሚደረጉ የጤና ችግሮች አንዱ ነው። ይህ ሪፖርት በየወረዳው ተዘርዝሮ በየሳምንቱ ለሕዝብ ይውጣ። አዲስ አበባ ያለ የዜና አዘጋጅም የገደብን መስመር እንደ ቡና ዋጋ በየሳምንቱ ይመልከት።