ደመወዝተኛው ባንድ

ጅቡቲ ለአብዛኞቻችን ወደብ ናት። ስሟ ሲነሳ ትዝ የሚለን ኮንቴይነር፣ ትራንዚተር፣ ዲመሬጅና በጋላፊ በኩል የሚሰለፈው ከባድ መኪና ነው። በዚያችው ከተማ ከብሔራዊው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ደመወዝ እየበላ የሚዘፍን ባንድ እንዳለ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ግሩፕ ኤር-ቴ-ዴ ይባላል፤ ስሙ የጣቢያው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 «ዘ ዳንሲንግ ዴቪልስ ኦፍ ጅቡቲ» የሚል አልበም አውጥቷል። የጅቡቲ ጨፋሪ ሰይጣኖች እንደማለት ነው። አሳታሚው ከጅቡቲ ወጥቶ ለዓለም ገበያ የቀረበ የመጀመሪያው አልበም ነው ይለዋል።

ጣቢያው በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በዓረብኛና በፈረንሳይኛ ያሰራጫል። የባንዱ መደበኛ ሥራ በብሔራዊ በዓላትና በመንግሥት ዝግጅቶች ላይ መጫወት፣ የውጭ እንግዳ ሲመጣም መቀበል ነው። ይህን ለማስረዳት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ጥላሁን ገሠሠ የገነነው በክብር ዘበኛ ነው፤ የእኛ ዘመናዊ ሙዚቃ የወርቅ ዘመን የምንለው ራሱ የተነሣው ከክብር ዘበኛ፣ ከፖሊስ ሠራዊትና ከቴአትር ቤቶች ኦርኬስትራዎች ነበር። ልዩነቱ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ደፋር ወጣት የራሱን ማሳተሚያ ከፍቶ ሸክላ ማተም መጀመሩ ነው። ጅቡቲ እንዲህ ያለ ነጋዴ አላገኘችም።

አገሪቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1977 ነፃ ወጣች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1979 የተመሠረተው ገዢ ፓርቲ ከሁለት ዓመት በኋላ ብቸኛው ሕጋዊ ፓርቲ ሆነ፤ ሙዚቃውም አብሮ በመንግሥት እጅ ገባ። ፓርቲው የተመሠረተበትን ዕለት ስሙ ያደረገ «ካትር ማርስ» የሚባል የራሱ ታላቅ ባንድ ነበረው፤ ማርች 4 ማለት ነው። የአባላቱ ቁጥር 40 ያህል ደርሶ ነበር። ዘፈን የሚቀዳው ለሬዲዮና ለፓርቲ እንጂ ለሱቅ አልነበረም። ስለዚህ የጅቡቲን ድምፅ ከአገሪቱና ከአካባቢው ውጭ የሚገዛው ቀርቶ የሚሰማው አልተገኘም።

ይህ መቆለፍ ግን ሌላ ገጽታም አለው። የቴፕ ጠላቶች ሙቀትና እርጥበት ናቸው፤ ሙቀቱ በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣ የባሕር ዳርቻ ከተማ ደግሞ ሁለቱም በሽ ናቸው። እርጥበት የጠጣ ቴፕ ማጫወቻው ላይ ይጣበቃል፤ የድምፁ ቅብም ይላጣል። በጣቢያው ማኅደር ግን ከ5,000 የሚበልጡ የሶማሊና የአፋር ሙዚቃ ማስተር ሪሎች ተጠብቀው ቆይተዋል። ጎረቤቱን ማየት ነው። ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1988 በዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ስትደበደብ የሬዲዮዋ ካሴቶች የዳኑት ሰዎች መሬት ውስጥ ስለቀበሯቸውና ድንበር አሻግረው ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ስላሸሿቸው ነው። ሙዚቃውን የዘጋበት ቢሮክራሲ ያኖረውም እርሱ ነው፤ ማመስገንም መውቀስም ያስቸግራል።

በሩን ያስከፈተው ኦስቲናቶ ሬኮርድስ የሚባለው የኒውዮርክ አሳታሚ ነው። መሥራቹ ቪክ ሶሆኒ እ.ኤ.አ. በ2017 «ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» በሚል ርእስ የድሮ የሶማሊ ዘፈኖችን ስብስብ አሳትሞ ለግራሚ ሽልማት ታጭቶ ነበር። በ2019 ደግሞ የጅቡቲ ጣቢያ ማኅደር ሙሉ በሙሉ የተከፈተለት የመጀመሪያው የውጭ አሳታሚ ሆነ። የመጣው አሮጌ ቴፕ ፍለጋ ነው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ በሕይወት ያለ ባንድ አገኘ። ወደ አሮጌው ከመመለሱ በፊት የሚተነፍሰውን አስቀደመ። በእኔ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው።

ቀረጻው እዚያው በጣቢያው ስቱዲዮ፣ ከውጭ በመጣ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ተካሄደ። የተሰጣቸው ጊዜ ሦስት ቀን ነበር። አሳታሚው ጫት ሲቃም እንደነበረ አይደብቅም፤ ቅጠሉ ደግሞ በየቀኑ ከእኛው አገር ነው የሚገባው። ለአልበሙ የኢትዮጵያ አስተዋጽኦ ይህ ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ድምፁስ? ሳክስፎኒስቱ ሞሐመድ አብዲ አልቶ ነው፤ አልቶ ሳክስፎን ላይ ካለው ችሎታ የተነሣ መሣሪያው ስሙ ላይ ተቀጥሎ ቀረ። ጊታሩን የያዘው የሞቃዲሾው ተወላጅ አብዲራዛቅ ሐጂ ሱፊ ነው፤ የሬጌ ፍቅሩን አይሸሽግም። ሙሳ አደን አይናን ኪቦርድ፣ አብዶ ሁሴን ሃንዴህ ቤዝ ይጫወታሉ። ከእነዚህ አንጋፋዎች ፊት የቆሙት ድምፃውያን አስማ ዑመርና ሐሰን ዑመር ሁሴን ግን ወጣቶች ናቸው። «ቡራሃ ኡ ዴር» የሚለውን ከፍታችሁ ጊታሩን ብቻ ተከታተሉ። ምቱ ላይ አይወርድም፤ በምትና በምት መካከል ባለው ክፍተት ጨክ፣ ጨክ እያለ ይገባል። በዚያ ላይ አስማ ድምጿን ከፍ አድርጋ የሕንድ ፊልም ዘፋኞችን በሚያስታውስ አኳኋን ታጥፈዋለች፤ ሳክስፎኑ መልስ ይሰጣታል።

አልበሙ የወጣው ዓለም በኮሮና ቤቷን በዘጋችበት ዓመት ነው፤ መድረክ ላይ ሊያስተዋውቁት አልቻሉም። ቢሆንም የውጭ የሙዚቃ ጸሐፊዎች በደስታ ተቀበሉት። የሚበዙት ግን አሳታሚው የጻፈውን ዝርዝር ነው የደገሙት፤ ከቦሊዉድ ይህን፣ ከጃማይካ ያንን፣ ከሃርለም ጃዝ ሌላውን ወሰደ የሚል። ዝርዝሩ ውሸት አይደለም፤ ጅቡቲ ከተማ የመርከብ መተላለፊያ ናት፣ የሕንድ ፊልምም የየመን ዜማም በዚያ አልፏል። ይሁንና ይህን ሙዚቃ ለጅግጅጋ ሰው አሰሙት፤ ጃማይካን ከመጥራቱ በፊት ዳንቶ ይላችኋል። የግመል አረማመድን ይመስላል የሚባለው ይህ የሶማሊ ጭፈራ ምቱ ለሬጌ እጅግ ይቀርባል፤ ሬጌ ወደ ሶማሊ አገር ሲመጣ እንግዳ ያልሆነው ለዚህ ነው ይላሉ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው። አምስት ድምፅ ያለው ቅኝታቸውም ለእኛ ጆሮ ዘመድ ነው። ከኒውዮርክ ወይም ከለንደን ሲያዩት ሩቁ መጀመሪያ መታየቱ አይገርምም። የሚገርመው፣ 750 ኪሎ ሜትር በሚሆን ባቡር ከእነርሱ ጋር የተገናኘነው እኛ ዝም ማለታችን ነው።

ለነገሩ እኛም ብንሆን በውጭ ሰው አማካይነት ነው ለዓለም የተሰማነው። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በብራስልስ ታተመ፤ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው የፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ተከታታይ እትም ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተከተለ። ያኔ ዓለም የሰማው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የተቀዳ ድምፅ ነበር፤ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ተበትነዋል፣ አንዳንዶቹም አርፈዋል። ለጅቡቲዎች ግን አዲሱ ቀረጻ ቀደመ፤ የካትር ማርስ አሮጌ ቴፖች ተመርጠው በአልበም የወጡት በተከታዩ ዓመት በ2021 ነው። ሁለቱን በዚህ ቅደም ተከተል የሚያዳምጥ ሰው የአልቶ ሳክስፎን ከየት እንደመጣ ያገኘዋል። ቸኩያለሁ የሚል ሰው አንዱን ብቻ መስማት ካለበት ግን አዲሱን ይስማ፤ ሰዎቹ ዛሬ ምን እንደሚችሉ የሚያሳየው እርሱ ነው።