ጨጨብሳ ለአንድ ሰው፦ የስስ ቂጣ ፊዚክስ

አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በአምቦም ሆነ በጉደርና በጊንጪ ቤት ተከራይቶ የሚማር ተማሪ ባቄላው ሳይበስል ከሰሉ የሚያልቅበት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ እሳቱን ቢያበረታውም የሚፈላው ውኃ ሙቀት ከዚያ አያልፍም።

በምዕራብ ሸዋ የተወደደው ጨጨብሳ ግን ከዚህ ገደብ ነፃ ነው። ቂጣው የሚጋገረው በደረቅ ምጣድ በመሆኑ ፊቱ ውኃ ከሚፈላበት እጅግ የላቀ ሙቀት ያገኛል። ሙቀት ወደ መካከሉ ዘልቆ ለመግባት የሚወስድበት ጊዜም ከውፍረቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ቢጨምር ጊዜው ወደ አራት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ሊጥን ማሳሳት ከሰልን መቆጠብ ነው።

ለአንድ ሰው የሚበቃውን እንዲህ እናዘጋጃለን። አንድ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨውና ከግማሽ ብርጭቆ የማይበልጥ ውኃ እናቦካለን፤ እርሾ አያሻም። ሊጡን በጋለ ምጣድ ላይ አሳስተን ዘርግተን፣ ሁለቱንም ገጽ አብስለን፣ ትኩሱን በትንንሹ እንቆርሰዋለን። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ በለዘብተኛ እሳት አቅልጠን ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ እንጨምርበታለን። ንጥር ቅቤ በ93 ዲግሪ አይገታምና እሳቱ ከበረታ በርበሬው ያርራል። በመጨረሻም ቂጣውን እናሽበታለን።

ውድ አንባብያን፣ ከሰል ፍም ከሆነም በኋላ ሽታ የሌለውና ገዳይ የሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ስለዚህ ማንደጃው ከደጅ ይሁን፤ ምግቡ ብቻ ወደ ቤት ይግባ።