ፓራሹቱ ተከፍቶ ሳለ አደጋው ከየት ይመጣል?
በፍጥነት ስለ ማረፍ ፊዚክስ

በጋይንት ገደል አፋፍ ላይ ጥንብ አንሣ ሲያርፍ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አሞራው ከከፍታ ተወርውሮ ይመጣል፤ ምድር ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ግን ክንፎቹን ቀና አድርጎ፣ እግሮቹን ዘርግቶ ፍጥነቱን ያበርዳል። የዛሬ ዘመን ስካይዳይቨሮችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ከእነርሱ መካከል የተካኑት ወደ ምድር ሲቃረቡ ሆን ብለው በመታጠፍ ፍጥነት ይጨምራሉ፤ ከዚያም ሣሩን እየታከኩ ረጅም ርቀት ተንሸራትተው ያርፋሉ። ትርኢቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ስፖርት የሞት አደጋዎች መካከል፣ በደኅና የተከፈተ ፓራሹት ይዘው ሲያርፉ የደረሱት ለብዙ ዓመታት ከፍተኛ ድርሻ ይዘው ቆይተዋል። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን እንመረምራለን።

ከክብ ጃንጥላ ወደ ክንፍ

በትሪኒዳድ የተወለደው ኹበርት ጁልያን እ.ኤ.አ. በ1930 አዲስ አበባ ላይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት በፓራሹት በወረደ ጊዜ ፓራሹት ማለት ክብ ጃንጥላ ነበር። ክቡ ፓራሹት አየርን በመገደብ አወራረድን ከማዝገም በቀር እንደ ልብ አይመራም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶሚና ጃልበርት የፈለሰፈው ፓራሹት ግን ከፊቱ በሚገባ አየር ተነፍቶ የአውሮፕላን ክንፍ ቅርጽ ይይዛል። ስለዚህ ወደ ፊት ይበርራል፤ በግራና በቀኝ መሪ ገመዶቹም ይታጠፋል። ክንፍ ከሆነ ዘንድ የክንፍ ሕግ ይገዛዋል።

የክንፍ ሕግ

ክንፍን ወደ ላይ የሚይዘው አንሺ ኃይል ከአየሩ እፍግታ፣ ከክንፉ ስፋትና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ቀጥተኛ ተዛምዶ አለው። ከዚህ የምንረዳው የፍጥነቱ ካሬ ክብደት ለስፋትና ለእፍግታ ሲካፈል ከሚገኘው ውጤት ጋር አብሮ እንደሚያድግ ነው። ለምሳሌ ከነትጥቁ 85 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 17 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ፓራሹት ቢወርድ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 5 ኪሎ ግራም ይጫናል፤ ይህም ለጀማሪ የሚመከረው ዓይነት ጭነት ነው። የፓራሹቱን ስፋት በግማሽ ብንቀንሰው ጭነቱ 10 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ፍጥነቱ በ41 በመቶ ይጨምራል፤ የእንቅስቃሴ ጉልበቱም እጥፍ ይሆናል።

ፓራሹቱ ሲታጠፍ ደግሞ አንሺው ኃይል ወደ ጎን ያዘነብላል። ወደ ላይ የሚደግፈው ክፍል ስለሚያንስ ፓራሹቱ አፍንጫውን ደፍቶ ይወረወራል። መታጠፉ ሲያበቃ፣ በተከማቸው ፍጥነት የተነሣ አንሺው ኃይል ከክብደቱ ስለሚበልጥ፣ የበረራው መሥመር እየተቃና ወደ አግድም ይመለሳል። ይሁን እንጂ ይህ መቃናት በቅጽበት አይከናወንም፤ ቅስት ይሠራል፤ ቅስቱም ከፍታ ይበላል። የሚበላው ከፍታ በግምት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር የተመጣጠነ ነው። እንግዲህ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቅስቱ ሳያልቅ ምድር ከደረሰች ፓራሹቱ አንዳች ጉድለት ሳይኖርበት ሰውየው ይጎዳል።

ደጋው ሲጨመር

አሁን ነገሩን ወደ አገራችን ደጋ እናምጣው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም በሆነው የጋይንት ደጋ፣ የሙቀቱ መጠን እኩል ሆኖ ሲነጻጸር፣ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም በባሕር ዳርቻ በሰከንድ 12 ሜትር የሚጓዝ ፓራሹት እዚህ ከ14 ሜትር በላይ ይጓዛል። ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲጨምር የመቃናቱ ቅስት በ43 በመቶ ያድጋል። በባሕር ዳርቻ 40 ሜትር የፈጀ ቅስት በደጋው 57 ሜትር ይፈጃል ማለት ነው። በሞቃት ቀትር አየሩ ይበልጥ ስለሚሳሳ ልዩነቱ ይሰፋል።

አልቲሜትር ይህን አይነግረንም። በማረፊያው ቦታ ዜሮ ላይ ከተስተካከለ ከምድር ያለንን ከፍታ ያሳያል እንጂ፣ ያ ከፍታ ለመታጠፍ ይበቃ እንደሆነ አያሳይም። በቆላ የለመደውን ቁጥር በቃሉ ይዞ ደጋ ላይ የሚታጠፍ ሰው 17 ሜትር ይጎድለዋል። ያ ጉድለት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው።

እንዴት ይማሯል?

ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ የታወቀ ነው። ተማሪው ለምስክርነት የሚቀርበው ዜማውን በየደረጃው ቆጥሮ፣ በመምህሩ ፊት ታርሞ ካጠና በኋላ ነው። በፍጥነት ማረፍም እንዲሁ ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ተማሪው ሰፊ ፓራሹት ይዞ፣ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ በመረጠው ቦታ ማረፍን ይለምዳል። ቀጥሎ ከምድር በራቀ ከፍታ ላይ እየታጠፈ ቅስቱ ስንት ሜትር እንደሚበላ በአልቲሜትር ይለካል። ከዚያ በኋላ ብቻ፣ አሠልጣኝ እየተመለከተው፣ ከትንሽ መታጠፍ ይጀምራል። ፓራሹቱን፣ የማረፊያውን ቦታና የመታጠፉን መጠን በአንድ ጊዜ መለወጥ ግን አይገባም፤ አንዱ ሲለወጥ ሌሎቹ ባሉበት ይጽኑ።

ከሁሉም በላይ መተውን መማር ያስፈልጋል። ከፍታው ካነሰ ተማሪው አይታጠፍም፤ ነፋሱ ከጎን ቢመጣበትም እንኳ ፓራሹቱን አግድም ጠብቆ፣ ሁለቱን መሪ ገመዶች እኩል ስቦ ያርፋል። መታጠፍ ጀምሮ ምድር ከጠበቀው ቀድማ ብትቀርበው ደግሞ ወዲያውኑ መታጠፉን አቁሞ ሁለቱንም ገመዶች ይስባል። በጎን ነፋስ ያረፈ ሰው ምናልባት ይንከባለልና ልብሱን አራግፎ ይነሣል፤ ዝቅ ብሎ የታጠፈ ሰው ግን ይህን ዕድል ላያገኝ ይችላል። የፍጥነት ካሬ ለደፋርም ሆነ ለፈሪ አንድ ነውና፣ ከመታጠፍ በፊት ስሌቱ ይቅደም እንላለን።