ክረምትን ብርድ ልብስ ውስጥ?

ሐምሌ ሲገባ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚጠፋ ጓደኛ የሌለው ማነው? አንዲት የማውቃት ልጅ «ጭቃው፣ ብርዱ» እያለች ቀጠሮ ስትሰርዝ ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው የሚጠራት ጠፋ። አኩርፈዋት አይደለም፣ ለምደውት ነው። የሚያስፈራው እሱ ነው።

መላ አለው። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ በጠዋት ተሰብሰቡና እንጦጦ ውጡ። (በዚያ ጭቃ ግን የምን ታኮ ጫማ ነው!) ስትመለሱ ከከሰል ላይ የተነሳ የበቆሎ እሸት ይበቃል። ሒሳቡን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ብዙ ሰው «አሞኛል» የሚለው ኪሱን ሲያመው ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ቤቱ ሙልሙል የሚጋገርለት ጓደኞቹን ይጥራ። ለቀረችውም ልጅ ደውሉላት። እምቢ ካለች መስከረም 1 እንቁጣጣሽ ነው፣ እንደገና ደውሉ።