ሐሙሲት፦ ከአስፋልቱ ባሻገር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ሐሙሲትን ያገኛል፤ አብዛኛው በመስኮት አይቷት ያልፋል። ይህ ያሳዝነኛል። የደራ ወረዳዋ ከተማ ጀርባዋን ለደጋው፣ ፊቷን ለጣና ሰጥታ የተቀመጠች ናት፤ ሐሙስ ገበያ ቆሞ የደጋውን ገብስ ከፎገራ ሩዝ አጠገብ ያየ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳል።

ለማደር ጊዜ ያለው ከአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ ይታጠፍና ዋንዛዬ ይሂድ። በጉማራ ወንዝ አካባቢ የሚፈልቅ ፍል ውሃ ነው። ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የታመመ፣ ወገቡ የከዳው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ይመጣና ለቀናት ይሰነብታል። ጠዋት ማታ ይነከራል፤ በመካከሉ ቡና ይፈላል፣ ስንቅ ይቀላቀላል፣ የማይተዋወቀው ሰው ሕመሙን እያወጋ ይወዳጃል። ለእኔ ከውሃው እኩል የሚያሽረው ይህ አብሮነት ነው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን ማቋረጥ አይገባም።

ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ጣና የሚገባ ወንዝ ነው። በክረምት ሲሞላ ባርቡስ የሚባሉት የጣና ዓሦች ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውሃ ይራባሉ። በዚሁ ወቅት ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚጥል ሰው እናቲቱን ከነዕንቁላሏ ያወጣል፤ የዓሣው ቁጥር ካሽቆለቆለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ዓሣ አስጋሪው ለእነዚያ ጥቂት ወራት መረቡን ቢሰበስብ ለራሱ ነው።

የወረዳዋ ትልቁ ታሪክ ያለው ሐይቁ ዳር፣ ቆራጣ ነው። ቆራጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት የታወቀች ከተማ ነበረች። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 የእንግሊዙን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምን ያሳረፉት በዚችው ከተማ ነው። ከነጋዴውም ከመልእክተኛውም በላይ ግን ቦታውን ያስከበረችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ሲያውጁ አሻፈረኝ ብላ ትዳሯን ትታ መነነች፤ በስደት ኖረች፤ የተከተሏትንም በማኅበር አኖረች። እ.ኤ.አ. በ1642 ካረፈች በኋላ ገድሏ በ1672 ተጻፈ።

በዓሏ ኅዳር 17 ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ስለሚደርቅ ቆራጣን ለማየት ከዚያ የተሻለ ሰሞን የለም።