የልደታ አየርና ባለ ሁለት ሞተሯ ትንሽ አውሮፕላን

በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ያለፈ ሁሉ የታክሲ ረዳቶች «ኦልድ ኤርፖርት! ኦልድ ኤርፖርት!» እያሉ ሲጣሩ ሳይሰማ አይቀርም። ለመሆኑ ይህ «አሮጌ» የተባለው ኤርፖርት የትኛው ነው? ምን ዓይነት አውሮፕላኖች ያርፉበት ነበር? ለምንስ ተለቀቀ? እነዚህ ጥያቄዎች የታሪክ መልስ እንዳላቸው ሁሉ የፊዚክስ መልስም አላቸው። በዚህ ጽሑፍ በሁለተኛው ላይ እናተኩራለን። ለማስረጃነት የምናቀርባትም በራዲዮ የምትታዘዝ አንዲት ባለ ሁለት ሞተር ሞዴል አውሮፕላን ናት።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ያደረገው በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። አየር መንገዱ ሥራውን የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ አምስት ዳግላስ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። እነዚህ የታዋቂው ዲሲ-3 ወታደራዊ ዝርያዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ክንፍ ነበራቸው፤ ከሁለቱ ሞተሮቻቸው እያንዳንዱ ባለ 14 ሲሊንደርና 1,200 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጄቶች ሲመጡ የልደታ መንደርደሪያ አጠራቸው፤ አገልግሎቱም ወደ ቦሌ ተዛወረ። ስሙ ግን በረዳቶቹ አንደበት ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዚህ ታሪክ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ከተማሪዎቻችን ጋር የሲ-47ን ሞዴል ለመሥራት ተነሣን። ልኬቷ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ የክንፏ ርዝመት 1.8 ሜትር፣ የክንፏ ስፋት 0.36 ሜትር ካሬ፣ መጠነ ቁሷ 3 ኪሎ ግራም ነበር። ተማሪዎቹ ከኪሳቸው እያዋጡ ዓመት ሙሉ ደከሙባት። ሞተሮቹን የመረጥነው እኛ ነበርን፤ በባሕር ዳርቻ ከተማ ስንማር እናበራቸው የነበሩትን በሜታኖል የሚሠሩ ባለ ሁለት ስትሮክ ትንንሽ ሞተሮች ሳናቅማማ ወሰድን። እዚያ 24 ሜትር መንደርደር ይበቃት ነበርና እዚህም 45 ሜትር የሣር ሜዳ ይተርፋታል አልን።

አስፈላጊው ፈቃድ ተገኝቶ ከከተማ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ አስነሣናት። 40 ሜትር ሮጣም አልተነሣችም። የሜዳው ጫፍ ሲቀርብ በድንጋጤ አፍንጫዋን ቀና አደረግን። ወዲያው የግራው ሞተር ሳል ጀመረው፤ አውሮፕላኗ ወደ ግራ ዞረች፣ ክንፏ መሬት ነካ፣ የግራው ጎማም ከክንፉ እንጨት ጋር ተገንጥሎ ቀረ። ተማሪዎቹ ስብርባሪውን ሲለቅሙ አንድም ቃል አልተናገሩም። ጥፋቱ የማን እንደ ነበር እኛም እነርሱም እናውቀው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የተማርነውን እነሆ።

ቀጭኑ አየር ምን ያህል ቀጭን ነው?

በባሕር ወለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሴልሲየስ ሙቀት፣ የአንድ ሜትር ኩብ አየር መጠነ ቁስ 1.225 ኪሎ ግራም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትገኛለች። በ2,350 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ላይ የከሰዓት በኋላው ሙቀት 22 ዲግሪ ቢደርስ የአየሩ እፍግታ ወደ 0.90 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይወርዳል። ይህም ማለት የባሕር ወለሉ አየር 73 በመቶ ብቻ አለን ማለት ነው።

የክንፍ አንሺ ኃይል ከአየሩ እፍግታና ከፍጥነት ዳግም ርቢ ጋር ተመጣጣኝ ነው። እፍግታው ሲቀንስ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፍጥነቱ መጨመር አለበት። ለሞዴላችን ስናሰላው፣ ክንፏ አንሺ ኃይሉን የሚያጣበት ዝቅተኛ ፍጥነት በባሕር ወለል በሰከንድ 10.6 ሜትር ሲሆን፣ በአዲስ አበባ 12.3 ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ 17 በመቶ ነው። ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ከፍጥነት ዳግም ርቢ ጋር ስለሚያድግ በምታርፍበት ጊዜ የምትሸከመው ኢነርጂ በ36 በመቶ ይበልጣል። ሞተሩ ይህን ተጨማሪ ኢነርጂ ማምጣት፣ የማረፊያ እግሩ ደግሞ ከዚያው የሚደርስበትን ድርሻ መቻል አለበት። ሁለቱን ምርጫዎች የሚያስተሳስራቸው ይህ ነው።

የሞተር ምርጫ

ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር የሚተነፍሰው በዙሪያው ያለውን አየር ነው። አየሩ በ27 በመቶ ሲሳሳ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ አቅሙም እንዲሁ። ከዚህ በተጨማሪ የካርቡሬተሩ የነዳጅ መርፌ ለባሕር ወለል ተስተካክሎ ከቀረ፣ ለጥቂት አየር ብዙ ነዳጅ ስለሚሰጥ ሞተሩ ይታፈናል። የግራው ሞተራችን ሳል ምክንያት ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ እውነተኛው ሲ-47 በልደታ እንዴት በረረ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚያ አውሮፕላን ሞተሮች ሱፐርቻርጀር ነበራቸው። ይህ መሣሪያ አየሩን እያመቀ ወደ ሲሊንደሮቹ ስለሚያስገባ፣ ሞተሩ በከፍታ ቦታ የሚያጣውን አቅም ይተካለታል። ትንንሾቹ የሞዴል ሞተሮች ግን ይህ የላቸውም።

የኤሌክትሪክ ሞተርስ? እርሱ አይተነፍስም። አቅሙ የሚመጣው ከባትሪው ስለሆነ በዓድዋ ተራሮችም ሆነ በጅቡቲ ወደብ ያው ነው። የሚጎዳው ፕሮፔለሩ ብቻ ነው። የቆመ አውሮፕላን ፕሮፔለር የሚሰጠው ገፊ ኃይል፣ የአየሩ እፍግታ በሞተሩ አቅም ዳግም ርቢ ተባዝቶ ከሚገኘው ቁጥር ሣልስ ዘር ጋር ተመጣጣኝ ነው። በነዳጁ ሞተር እፍግታውም አቅሙም ወደ 73 በመቶ ስለሚወርዱ ገፊ ኃይሉም 73 በመቶ ይሆናል። በኤሌክትሪኩ ግን እፍግታው ብቻ ስለሚወርድ ገፊ ኃይሉ 90 በመቶ ላይ ይቆያል።

ይህን ወደ ሜዳው እንውሰደው። በባሕር ወለል ሁለቱ ሞተሮች በድምሩ 20 ኒውተን ገፊ ኃይል ይስጡ እንበል። በሩጫው ላይ በአማካይ የዚህን 70 በመቶ ብቻ እንደምናገኝ፣ ሣሩና አየሩ ደግሞ 4 ኒውተን እንደሚጎትቱን እናስብ። አውሮፕላኗ የምትነሣው ከዝቅተኛው ፍጥነት 20 በመቶ ስታልፍ ነው። ውጤቱ የሚከተለው ነው፤ በባሕር ወለል 24 ሜትር፣ በአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ሞተር 38 ሜትር፣ በአዲስ አበባ በነዳጅ ሞተር 52 ሜትር። ሜዳችን 45 ሜትር ነበር። ከዚያን ዕለት በፊት ባለው ማታ ይህን በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ ብናሰላ ኖሮ ጎማው አይገነጠልም ነበር።

ስለዚህ ለሁለተኛዋ አውሮፕላን የኤሌክትሪክ ሞተር መረጥን፤ እያንዳንዱ ለፕሮፔለሩ 170 ዋት ያህል የሚያደርስ፣ ኃይሉን ከሊቲየም ፖሊመር ባትሪ የሚያገኝ። ሆኖም የሞተሩ አቅም በከንቱ እንዳይቀር ፕሮፔለሩም መስተካከል አለበት። በቀጭን አየር ያው ፕሮፔለር በቀድሞው ፍጥነት ቢሽከረከር የሚወስደው አቅም በ27 በመቶ ያንሳል። ሙሉውን አቅም እንዲጠቀም ዙሩ በ11 በመቶ መጨመር ይኖርበታል። ፕሮፔለሩን በዲያሜትር ማሳደግ ሌላው መንገድ ነው፤ ነገር ግን በባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ፕሮፔለሮቹ ከሆዷ ጎን ስለሚሽከረከሩ ቦታው ውስን ነው። እኛም በ9 ኢንቹ ላይ ቆመን ዙሩን ጨመርን።

አንዱ ሞተር ቢቆምስ?

ሁለት ሞተር ማለት ሁለት እጥፍ ደኅንነት ማለት ይመስለናል። ይህ የሚሆነው ግን ፍጥነት ሲኖር ብቻ ነው። የሞዴላችን ሞተሮች ከመሐል መሥመሯ 18 ሴንቲ ሜትር ርቀው ይገኛሉ። በበረራ ላይ ብቻውን የቀረው ሞተር 6 ኒውተን ቢገፋ፣ አውሮፕላኗን ወደ ቆመው ሞተር የሚያዞር ከ1 ኒውተን ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ሞመንት ይፈጥራል። ይህን የሚቋቋመው ከክብደት ማዕከሏ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ የሚገኘው የጅራቱ ቀጥ ያለ መሪ ሲሆን፣ 1.8 ኒውተን የሚሆን የጎን ኃይል ማመንጨት ይኖርበታል። መሪው ኃይል የሚያገኘው በላዩ ከሚያልፈው አየር ነው። በእኛ ግምት ይህን ያህል ኃይል የሚያገኘው ፍጥነቷ በሰከንድ 15 ሜትር ሲደርስ ነው።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች እናስተያይ። ክንፉ በ12.3 ሜትር መብረር ይችላል፤ መሪው ግን የሚያሸንፈው በ15 ነው። በእነዚህ መካከል ያለው ክልል ወጥመድ ነው፤ አውሮፕላኗ ትበራለች፣ አንድ ሞተር ከቆመ ግን አትታዘዝም። በዚያች ቀን አፍንጫዋን ቀና ስናደርግ በዚህ ክልል ውስጥ ነበርን። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ከመሬት እንደ ተነሡ ከፍታ ከመፈለግ በፊት ፍጥነት መሰብሰብ ያስፈልጋል። አንድ ሞተር ከቆመ ደግሞ የቀረውን ሞተር ኃይል ቀንሶ፣ አፍንጫን ዝቅ አድርጎ፣ ቀጥታ ወደ ፊት ማረፍ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ሞተር በዚህም ረገድ ያግዛል። ሁለቱ ሞተሮች አንድ ትእዛዝ እየተቀበሉ ተቀራራቢ ዙር ይጠብቃሉ። በተጨማሪም ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን በማቀያየር ብቻ አንደኛው ሞተር በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲዞር ማድረግ ይቻላል። ለዚያ አቅጣጫ የተሠራ ፕሮፔለር ከተገጠመለት የሁለቱ የመጠምዘዝ ውጤት ይጣፋል።

የማረፊያ እግር ምርጫ

ሲ-47 ሁለት ትልልቅ ጎማዎች ከፊት፣ አንድ ትንሽ ጎማ ከጅራቷ በታች ነበራት። ይህ አሠራር አፍንጫዋንና ፕሮፔለሮቿን ከመሬት ያርቃል። በየክፍለ ሀገሩ በነበሩት የሣርና የአፈር ሜዳዎች ላይ ለአሥርተ ዓመታት እንድታገለግል ከረዷት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። የፊት ጎማ ያላት አውሮፕላን በአስፋልት ላይ ትመቻለች፤ በጎርበጥባጣ ሜዳ ላይ ግን በመጀመሪያ የሚሰበረው ያ የፊት እግር ነው።

የጅራት ጎማ ያለ ዋጋ አልተገኘም። የክብደት ማዕከሉ ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ስለሚውል፣ አውሮፕላኗ በሩጫ ላይ ትንሽ ከዞረች የኋላው ክብደት ይበልጥ ያዞራታል። ጎማዎቹን ወደ ፊት በጣም ብናርቃቸው ይህ ጠባይ ይብሳል፤ ወደ ኋላ ብናቀርባቸው ደግሞ በአፍንጫዋ ትደፋለች። እኛ የያዝነው መካከለኛውን ነው። አውሮፕላኗ በአግድም ስትቆም ከጎማው መንኪያ ወደ ክብደት ማዕከሉ የሚሰመረው መሥመር ከቀጥታው 15 እስከ 20 ዲግሪ ያዘነብላል። የጎማዎቹም መራራቅ መረጋጋትን ይጨምራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመሬቱ ምት ነው። አውሮፕላኗ በሰከንድ 1.2 ሜትር እየወረደች መሬት ብትነካ፣ የማረፊያ እግሮቿ 2 ጁል ያህል ኢነርጂ መዋጥ አለባቸው። እግሩ ግትር ሆኖ በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተጣጠፍ አማካዩ ኃይል ከ400 ኒውተን ይበልጣል፤ ይህም ከክብደቷ ከ14 እጥፍ በላይ ነው። በ3 ሴንቲ ሜትር ቢተጣጠፍ ግን ወደ 100 ኒውተን ይወርዳል። በባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን እግሮቹ የሚተከሉት ከሞተሮቹ ሥር፣ በክንፉ ላይ ስለሆነ ይህ ምት በቀጥታ የክንፉን ዋና አጥንት ያገኘዋል። በመጀመሪያዋ ሞዴል ላይ የተከልነው ግትር እግር ክንፉን ገንጥሎ የወሰደው በዚህ የተነሣ ነው። በሁለተኛዋ ላይ የስፕሪንግ ብረት ሽቦ ተጠቀምን፤ መሠረቱንም በናይለን ብሎን አሰርነው። ምቱ ሲበዛ ብሎኑ ተቆርጦ ክንፉ ይተርፋል።

የሚታጠፍ እግርስ? እውነተኛዋ ሲ-47 ጎማዎቿን ወደ ሞተሮቹ ቤት ታጥፋለች፤ ታጥፈውም ግማሽ ጎናቸው ከታች ይታያል። ይህም ሳይዘረጉ ቢቀሩ እንኳ የሆዷን ጉዳት ይቀንሳል። በዝግታ ለምትበር ትንሽ ሞዴል ግን የሚታጠፍ እግር የሚቀንሰው ጎታች ኃይል ጥቂት ነው፤ ክብደቱ ግን ዝቅተኛውን ፍጥነት መልሶ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ማይታጠፈውን መረጥን። በልኬቱ መሠረት 7 ሴንቲ ሜትር ይሆን የነበረውንም ጎማ ለሣሩ ስንል 9 ሴንቲ ሜትር አደረግነው። ውበቷ ጥቂት ተጎዳ፤ ተማሪዎቹ ግን አልተከራከሩንም።

ማጠቃለያ

ሁለተኛዋ አውሮፕላን ስትነሣ አንድ ተማሪ ርቀቱን በእርምጃ ለካው፤ 40 ሜትር ግድም ሆነ። ስሌታችን 38 ብሎ ነበር። የዚያን ዕለት ደስታችን ከመብረሯ ይልቅ ከዚህ መቀራረብ የመጣ ነበር።

የልደታ መንደርደሪያ ለጄቶች ማጠሩና የቦሌው ዋና መንደርደሪያ 3,800 ሜትር መሆኑ ከዚሁ ቀጭን አየር ጋር የተያያዘ ነው። ከውጭ የሚመጣ የሞተር መግለጫ ሐሰት አይናገርም፤ የሚናገረው ግን ስለ ሌላ አገር አየር ነው። ወደ እኛ አየር መመለሱ የእኛ ሥራ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ያህል ከባሕር ወለል ከፍ ይላሉ። የድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ሙቀት 32 ዲግሪ ነው ብላችሁ አስቡ። ይህችው አውሮፕላን በሁለቱ ከተሞች ስንት ሜትር መንደርደር ያስፈልጋታል? ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ከመብረሯ በፊት አስሉት።