ታንኳ፣ ጀልባ፣ ባለሞተር ጀልባ

ከግንደወይን ደጋ በስተምሥራቅ የዓባይ ሸለቆ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የብሪታንያ ጓድ ወንዙን በትናንሽ ጀልባዎች ተጉዞበታል። ከሸፈርታክ ድልድይ በላይ ባለው ጠባብ ገደል በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ተቀዝፈዋል፤ ከድልድዩ በታች ግን ሞተር የተገጠመላቸው ተነድተዋል።

ተርጓሚ ሁሉንም «ታንኳ» ቢላቸው ይህ ልዩነት ይጠፋል። ታንኳ በጣና አካባቢ ከደንገል ታስሮ የሚሠራው ነው፤ «ጀልባ» ጠቅላላ ስም ሲሆን፣ ሞተር ያለው «ባለሞተር ጀልባ» ሊባል ይገባል። ግሡም ስሙን ይከተላል፤ በመቅዘፊያ የሚሄደው ይቀዘፋል፣ ባለሞተሩ ይነዳል። «በባለሞተር ጀልባ ቀዝፈው ወረዱ» ብሎ የሚጽፍ፣ ተጓዦቹ በምን ኃይል እንደሄዱ ለአንባቢ ያደናግራል።